የመሃሉ ገመድ

ፎቶ አጣቢው ጨርቅ ማጠብ የጀመረው በስተርጅና ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ፎቶ ቤት ጓሮ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከቀይ አምፖል ሥር አጎንብሶ የሰው ፊት ከውሃ ውስጥ ሲያወጣ ነበር። የስንቱን ሙሽራ፣ የስንቱን ተመራቂ ፊት እንዳጠበ እሱም አያውቀው። የራሱን ሸሚዝ ግን አንድም ቀን አጥቦ አያውቅም። ጎረቤቶቹ፣ "አጣቢ ሆኖ ካልሲውን የማያጥብ ሰው እሱን አየን" እያሉ ሲስቁበት፣ "እኔ የማጥበው ያልቆሸሸ ነገር ነው" ብሎ ይመልስ ነበር። መልሱ ብልጠት አላጣም። ካልሲው ግን ያው በሚስቱ እጅ ነበር የሚነጣው።

ሚስቱን ግቢው በሙሉ የሚጠራት እትዬ ጥጥ ብሎ ነው። ስሙ የወጣላት ከማስጫ ገመድ ላይ ነው። እሷ ያሰጣችው አንሶላ ከሌላ ሰው አንሶላ አጠገብ ሲውል፣ ያኛው የታጠበ ሳይሆን ተመክሮ የተለቀቀ ይመስላል። ምስጢሯ ሳሙና አልነበረም፤ ሳሙናውማ የሁሉም አንድ ነው፣ ከአንድ ሱቅ ነው የሚገዛው። ምስጢሯ ፀሐይ ነበረች። እድፍ የያዘውን ጨርቅ ሳትጨምቀው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ታሰጣዋለች፤ እድፉ ላይ ሎሚ ታሽበታለች፤ ሊደርቅ ሲል ውሃ ትረጨዋለች፤ ደግሞ ትገለብጠዋለች። እንዲህ ስታደርገው የዋለችው ጨርቅ አመሻሽ ላይ ሲነሳ፣ እድፉን ፀሐይ ይዛው ገብታለች።

ግቢው ማለት በሲሚንቶ ሜዳ ዙሪያ የተደረደሩ ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧና ሦስት ገመድ ነው። የግድግዳው ገመድ ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት ብቻ ነው። የበሩ ገመድ አቧራ አያጣም። የመሃሉን ግን ፀሐይ ከወጣች እስክትገባ ጥላ የሚባል ነገር አይነካውም። ስለዚህም ባለቤት የለውም። ግቢው ውስጥ ሕፃን ሲኖር የሕፃኑ ጨርቅ ይሰጣበታል፤ ሌላ ሰው ከፈለገው ደግሞ ገመዱ ሥር ቆሞ የማን ጨርቅ እንደሆነ መናገር አለበት። "የእናቴ ነው፣ ታማብኛለች" ወይም "የልጄ ነው፣ ነገ ፈተና አለበት" ማለት ይበቃል። የሚከለክል የለም። ሳይናገሩ ማስጣት ግን አይቻልም። ደንቡን ያወጣችው እትዬ ጥጥ ራሷ ናት ይባላል። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ገመድ ነው፤ አሁን ልጆቹ ትዳር ይዘው ርቀው ሄደዋል።

ክፋቷ አንድ ነው፤ የሰው ገመድ ትጎበኛለች። በሁለት ጣቷ የአንዷን አንሶላ ጫፍ ያዝ ታደርግና፣ አገላብጣ አይታ፣ "ይሄ ገና ፀሐይ ይቀረዋል" ትላለች። ሴቶቹ ይናደዳሉ። "ዳኛ ያደረጋት ማነው?" ይላሉ። እሷ ዞር ስትል ግን ጨርቃቸውን ገልብጠው ያሰጡታል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከቧንቧው ሥር ባልዲ አንስታ ቀና ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ነፍሷ ተረፈች። አንደበቷም ዘገየ እንጂ አልጠፋም። ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ሰው ዕቃ ሆኑባት፤ ይዛቸው ትኖራለች እንጂ አታዛቸውም። ፎቶ አጣቢው ማጉረስ ተማረ። ማልበስ ተማረ። ፀጉር ማበጠር እንኳ ተማረ፤ "እጅህ መጥረጊያ ነው፣ ራስ ቅሌን ጠርገህ ልትጨርሰው ነው" ብላ ስቃበታለች። እስከዚያ ድረስ ሳቅ ነበረ።

ሳቁ የቀረው ሽንቷ ሳያስፈቅዳት መምጣት የጀመረ ዕለት ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እሱ አንሶላውን ከሥሯ ሊስብ ሲል በደህና እጇ ክንዱን ያዘችው።

"ገበናዬን አደራ" አለችው። "ሰው እንዳያይብኝ።"

"ማን ያያል?" አላት። "እኔ እያለሁ ማንም አያይም።"

ቃሉን ለመጠበቅ የሚያውቀውን አደረገ። የሚያውቀው ደግሞ ጨለማን ነው። በእሱ ሙያ ብርሃን ጠላት ነበር፤ ከበር ሥር የገባች ክር የምታህል ብርሃን የቀን ሙሉ ሥራ ታበላሻለች። ስለዚህ በሩን ዘጋ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸነከረ። ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከበሩ ትይዩ፣ ቤቱ ውስጥ ገመድ ወጠረ። ውሃ አፈላና፣ ሙቅ ውሃ እድፍ ያስለቅቃል ብሎ፣ የሚንተከተከውን እንዳለ አንሶላው ላይ ገለበጠው። እድፉ ግን ተቀቅሎ እዚያው ቀረ። አንሶላው በተዘጋ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ ውሎ አድሮ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ወደ አልጋ ይመለሳል። ነጩ ግራጫ ሆነ። በግራጫው ላይ ጠርዙ የጠቆረ ቢጫ ክብ ወጣ፤ በክቡ ላይ ሌላ ክብ ተደረበ።

ባነጠፈላት ቁጥር ትጠይቀዋለች።

"ነጣ?"

"ነጣ።"

በዚያ ድንግዝግዝ ቤት ውስጥ ማን ሊያይበት? እሷ ግን የአንሶላውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ታሸውና መልሳ ትለቀዋለች። ጀርባዋ ቀልቶ መላጥ ጀመረ። ቅባት ይቀባታል። "ተሻለኝ" ትለዋለች። እሱም "ተሽሎሻል" ይላታል። ሁለቱም እንዳልተሻላት ያውቃሉ።

ጠያቂ ሲመጣ በሩን በጥቂቱ ይከፍትና ክፍተቱን በገዛ ትከሻው ይደፍነዋል። ከጠያቂ ሁሉ አብልጦ የሚፈራው ሬዲዮን ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ ከእነሱ ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት። ጠዋት የነገሯትን ነገር ቀትር ላይ አሻሽላ ለነገራት ለዚያው ሰው መልሳ ታወራለታለች፤ ሬዲዮ የተባለችውም ለዚሁ ነው።

"ጋሼ፣ ሾርባ ይዤ ነው። እትዬን አየት ላድርግና ልሂድ" አለች አንድ ቀን።

"ተኝታለች።"

"ትናንትም ተኝተው ነበር እኮ።"

"ዛሬም ተኝታለች።"

"የትናንቱ እንቅልፍ ነው ወይስ አዲስ ጀመሩ?"

"አንቺ ልጅ፣ ሾርባሽን ስጪኝና ሥራሽን ሥሪ።"

ሾርባውን ሰጠችው። እሷ ደጅ እንደቆመች ነው፤ አፍንጫዋ ግን በትከሻው ላይ አልፎ ቤቱን ሲዞር ታየው።

"እሺ ጋሼ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አላልኩም፣ የጥንት ሰው ነው ያለው።"

በሩን ዘጋባት።

"ሄደች?" አለች ሚስቱ ከአልጋዋ።

"ሄደች።"

"አየች?"

"ምንም አላየችም።"

ሾርባው ጣፋጭ ነበር። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ጠጡት።

በማግስቱ ፎቶ አጣቢው ቆረጠ። በፎቶ ቤት፣ ውሃ ያቃተውን ነገር የሚጨርሰው ኬሚካል ነበር፤ ጨርቅስ ከወረቀት በምን ይበልጣል? ከሱቅ ትልቁን ጠርሙስ በረኪና ገዝቶ መጣ። በክዳኑ እየለካችሁ ጨምሩ የሚል ጽሑፍ አለው፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ ሲለካ የኖረ ሰው ነውና ማንበቡን ናቀው። የተጠራቀሙትን አንሶላዎች፣ ሽንታቸውን በውሃ እንኳ ሳያስለቅቅ፣ ሳፋ ውስጥ ከተተና ጠርሙሱን ገለበጠባቸው። ሬዲዮ ደጅ ላይ በቅርቡ ከወለደችው ጎረቤት፣ ከአራሷ ጋር ስታወራ ስለሰማ በሩን ቀረቀረው። ከበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት እንደ ድሮው ልማዱ በጨርቅ ወተፈው።

በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ የሚዘጋ ነገር ይወጣዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ገና ከጅምሩ ሸሽቶ በወጣ ነበር። የፎቶ አጣቢው አፍንጫ ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሞተ ቆይቷል። ዓይኑ ሲቃጠል የእርጅና መሰለው። ሚስቱ ስትስል የወትሮው ሳል መሰለው። ቀና ሲል ያያት በደህና እጇ አየሩን ስትቧጥጥ ነው።

"ጥጤ?"

"ክ… ክፈት።"

ተነሣ። ግድግዳውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ሳሉ ከወዲያም ተሰምቶ ኖሮ በሩ ይደበደብ ጀመር።

"ጋሼ! ምን ሆናችሁ? ይክፈቱ እንጂ ጋሼ!"

የሬዲዮ ድምፅ ነው። እጁ መቀርቀሪያው ላይ ደረሰና ቆመ። ከኋላው ገመዱ ላይ፣ ሳፋ ውስጥ ያልገባ አንድ አንሶላ አለ፤ ክቡ ሁሉ ተዘርግቶ፣ ከበሩ ትይዩ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ማንም አያይም ብሏታል። በጣቶቹ ብረቱን እንደጨበጠ ቆመ።

ኋላ ሲጠይቁት "ወዲያው ከፈትኩ" ነው የሚለው። ወዲያው አልነበረም። የከፈተው ሳሉ ሲቆም ነው።

ብርሃኑ ከሬዲዮ ቀድሞ ገባ። እሷ ሻርፗን አፏ ላይ ጠምጥማ፣ ከመስኮቱ ላይ ብርድ ልብሱን ገነጠለችው፤ ሳፋውን እየጎተተች ወደ ደጅ አወጣችው። እሱ ሚስቱን ከእነ አንሶላዋ ታቀፋት። የዚያን ያህል መቅለሏን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ግቢው መሃል ሲሚንቶው ላይ፣ እሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። "ጥጤ፣ ጥጤ፣ ተንፍሺ" አላት። ደረቷ ተነሣ፣ ወረደ፣ ቆመ። ከዚያ ሳሉ ተመልሶ መጣ። በዓለም ላይ ሳል እንደዚያ ሰው የጣፈጠው የለም።

ትንፋሿ ሲረጋጋ ነው ዙሪያውን ያየው። ሳፋው ተገልብጧል። አንሶላዎቹ ሲሚንቶው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተዘርግተዋል። ከቧንቧው ዘንድ ሴቶች ቆመዋል። አራሷ ሕፃኗን ከጡቷ ሳትነጥል በሯ ላይ ቆማለች። በእግሩ ሊደርስበት የቻለውን አንዱን አንሶላ ወደ ራሱ ሊጎትት ሞከረ።

"ተዉት ጋሼ" አለች ሬዲዮ።

"አላየሽም" አላት፤ አነጋገሩ ልመና ነበር። "ምንም አላየሽም፣ እሺ?"

"ጋሼ፣ እኔና እናንተ አንድ ግድግዳ ነን። ሳፋው ሲጎተት እሰማለሁ። ሽታ ደግሞ በር አያንኳኳም፣ ዝም ብሎ ይገባል። ከጀመራቸው አንስቶ አውቃለሁ።"

"ለማን ተናገርሽ?"

"ለማንም።"

ውሸቷን ነው ብሎ የሴቶቹን ፊት አየ። አራሷ አፏን ከፍታ ቀርታለች፤ ከቧንቧው ዘንድ ያሉትም እርስ በርስ እየተያዩ ነው። አንዳቸውም አልሰሙም ነበር። ለካ ሬዲዮም የማታሰማው ጣቢያ ኖሯታል።

እትዬ ጥጥ ሰዎቹን አላየቻቸውም። የምታየው ሲሚንቶው ላይ የተዘረጋውን ነበር።

"ያ… የማነው?"

"ምኑ?"

"አንሶላው።"

እግሩን ከአንሶላው ላይ ሰበሰበ።

"የኔ ነው?"

"ያንቺ ነው።"

ስታየው ቆየች። ስንት ጊዜ "ነጣ" ያላት አንሶላ ነው። ከሥሯ ተነጥፎ፣ በላይዋ ተንጠልጥሎ የከረመ ሲሆን፣ በፀሐይ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው። እሱ እንባው መጣ።

"ይቅር በይኝ። ሰው አየብሽ።"

"ሰውን ተወው" አለች። እያንዳንዱን ቃል እንደ ከባድ ባልዲ ነው የምታነሳው። "አፍልተህበታል አይደል?"

"አፍልቼበታለሁ።"

"አንተ… የጨለማ ሰው።" ቁጣ አልነበረበትም። "ሽንት ይፈላል? ቀዝቃዛ ውሃ… ከዚያ ፀሐይ። ነገ አስጣልኝ። የመሃሉ ላይ።"

"የመሃሉ ላይ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የማን እንደሆነ መናገር አለብኝ እኮ።"

"ተናገራ።"

"አደራ ብለሽኝ…"

"አደራዬን መልስልኝ" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት አንሶላውን ቧንቧው ሥር፣ ሰው እያየው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ አለቀለቀው። ሳይጨምቀው በሳፋ ተሸክሞት ወደ መሃሉ ገመድ ሄደ። ገመዱ ላይ የአራሷ ሕፃን ጨርቆች ተሰጥተዋል። ሥሩ ቆመ። በዚያ ቦታ ስንቱ ሰው ቆሞ ሲናገር አይቷል፤ ቀላል ነገር ይመስለው ነበር። አሁን ግን ሳፋውን እንዳቀፈ ቀረ። አራሷ ሕፃኗን አዝላ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ጠበቀችው። ሴቶቹ ውሃ መቅዳታቸውን አላቆሙም፤ የሚቀዱበት ባልዲ ግን ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ሬዲዮ በሯ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቷን ትለቅማለች። ምናልባት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አላየችም።

"የ…" አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። "የሚስቴ ነው። ታማብኛለች። ሽንቷ አልያዝ ብሏታል።"

ደንቡ ያን ያህል አይጠይቅም። "የሚስቴ ነው፣ ታማብኛለች" ቢል ይበቃው ነበር። አራሷ ግን የተረፈውን እንዳልሰማች ሆነች። የሕፃኗን ጨርቅ አንድ በአንድ ከገመዱ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ደረበችና፣ መቆንጠጫዎቹን ሰብስባ በመዳፉ ላይ አኖረችለት።

"ፀሐዩ እንዳያመልጥዎት ጋሼ" አለችው።

እትዬ ጥጥን በወንበር አውጥቶ፣ በግራ ጎኗ ትራስ ደግፎላት፣ ከገመዱ አጠገብ አስቀመጣት። ዓይኗን ጨፍና ፀሐዩን ለጥቂት ጊዜ ጠጣችው። ከዚያ በአንድ እጇ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታዘው ጀመር።

"ሎሚ። ጠርዙ ላይ… ጠርዙ ላይ ነው የምልህ። መሃሉን ተወው፣ መሃሉ በራሱ ይሄዳል። እንዳይደርቅ። ርጨው።"

ይረጫል። ይቆማል። ያያል። ድሮ፣ በዚያች ክፍል፣ ነጩን ወረቀት ውሃው ውስጥ ሲያስገባው መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቆይቶ የዓይን ጥላ ይመጣል፣ ከዚያ አፍ፣ ከዚያ ሰው። ያን ጊዜ ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም። አሁንም አልነቀለም። የክቡ ጥቁር ጠርዝ ሳሳ። ቢጫው ፈዘዝ ያለ መሰለ። መቼ እንደሄደ አይታይም፤ መሄዱ ብቻ ነው የሚታየው። ምሳውንም ረሳው።

"ቁጭ በል" አለችው። "እያየኸው አይነጣም።"

"እያየሁት ነው የሚነጣው" አላት።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ሽንኩርቷን ጨርሳ፣ ጉልበቷን እየደገፈች ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ግቢውን አቋርጣ ወደ መሃሉ ገመድ መጣች። ፎቶ አጣቢው ሳያስበው በእሷና በአንሶላው መካከል ገብቶ ተገተረ። እሷ ዞራው አለፈች። የአንሶላውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች፤ አገላብጣ አየችው፤ ወደ ፀሐዩ አነሣችው። ከሁሉም የቆየው፣ መጀመሪያ የተቀቀለው ክብ፣ እንደ ቀጭን ሻይ ሆኖ አሁንም አለ። እሱም አይቶታል። እሷም አየችው።

"እትዬ ጥጥ" አለች።

እትዬ ጥጥ አሸልቧት ነበር። ዓይኗን ገለጠች።

"ይሄ ገና ፀሐይ ይቀረዋል።"

ፎቶ አጣቢው የሚስቱን ፊት ለማየት ፈራ። መጀመሪያ የሰማው ትንፋሽ ነው፤ ከዚያ ያ የጠፋው ድምፅ መጣ። በግማሽ አፏ እየሳቀች ነበር። ግማሹ ይበቃ ነበር፤ እስከ ቧንቧው ድረስ ተሰማ።

"ዳኛ… ያደረገሽ ማነው?" አለቻት።

አራሷ ከበሯ ላይ ሆና፣ "ለነገም ገመዱ የእናንተ ነው" አለች።

ፎቶ አጣቢው መቆንጠጫዎቹን ነቅሎ አንሶላውን ገለበጠው። ጣሳውን አነሣና ውሃ ረጨው።